የአባባ ማር ቀማሽ

ማር በውሃ ሲበጠበጥ የሚያወጣው ሽታ፣ ያ የብርዝ ሽታ፣ ዛሬም በድንገት ካገኘኝ ባለሁበት ያቆመኛል፤ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ሳቄም ይመጣል፤ ለምን ብትሉ፣ የቤታችን ደስታም እሱ ነበር፣ አባቴን ሊገድለው የነበረውም እሱ ነው።

ቤታችን ከአሸተን ማርያም ግርጌ ነበር፤ አባባ ገበሬ ቢሆንም ስሙ የሚነሣው በንቦቹ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሜዳውን ቢጫ ሲያደርገው ጠዋት ጠዋት ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር፤ ኅዳር ገብቶ ማር ሲቆረጥ ደግሞ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ አንዴ ይቀምስ፣ አንዴ ያቀምሰኝ ነበር። ዐይኑን ጨፍኖ «የአደይ ነው» ካለ የአደይ ነው፤ «ግራዋ ገብቶበታል» ካለም ገብቶበታል። ከላሊበላ የሚመጡት ጠጅ ጣዮች እንኳ የአባባን ቃል ሳይሰሙ ማር አይገዙም ነበር። እንዴት እኮራ ነበር፣ ኧረ እንዴት!

የዚያን ዓመት በጋ አባባ መክሳት ጀመረ። ሱሪው ሰፋው፣ ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ ይከዳው ጀመር፣ ውሃ ውሃ ማለት አበዛ። በእኛ አገር ማር መድኃኒት ነው፤ ለሳል ማር፣ ለወላድ ማር፣ ለቁስል ማር፤ ስለዚህ እናቴ ጠዋት በባዶ ሆዱ ማር በቅቤ፣ በጠማው ቁጥር ደግሞ ብርዝ እየቀዳች ትሰጠው ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤው ቀረ፣ ብርዙ ግን ባሰ። እሱ በጠጣ ቁጥር ይበልጥ ይጠማዋል፣ እሷም በጠማው ቁጥር ማሩን ታወፍርለታለች፤ ከፍቅር ነው እንጂ ከሌላ አይደለም።

እኔ ደግሞ አንድ ጉድ አገኘሁ። አባባ ከጓሮ አጥር ሥር ሽንቱን ሸንቶ በሄደ ቁጥር ጉንዳኖች ተሰልፈው ይመጡ ነበር! ማር ከመብላቱ ብዛት ሽንቱ ራሱ ማር ሆኗል ብዬ ደመደምኩ፤ ደስታዬን አልችለው ብዬም የጎረቤት ልጆችን እየጎተትኩ አሳየሁ። እንዲህ ያለ አባት ማን አለው?

በዚያ ሰሞን መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ከእኛ በታች ካለው ሜዳ ሰፍረው ነበር፤ ሽበታሙ ሐኪማቸው ማር ይፈልጋል ሲባል አባባ አንድ ቅል ማር አንጠልጥሎ፣ እኔን አስከትሎ ወረደ። እንደደረስን ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ውሃ ለመነ፤ የሰጡትን አንድ ጆግ ሙሉ ሳይተነፍስ ጨለጠው። ሐኪሙ ማሩን ተወውና የአባባን እጅ ይዞ፣ ሦስት ጣቶቹን አንጓው ላይ አሳርፎ የደም ሥሩን አዳመጠ፤ ቀኙን ጨርሶ ግራውን ያዘ። ከዚያ በአስተርጓሚው፣ በአንድ የኩልመስክ ከተማ ልጅ በኩል፣ ምላስ እንዲያወጣ ጠየቀው።

«ምን አልክ?» አለ አባባ ቱግ ብሎ። «በልጄ ፊት ምላሴን ላውጣ? ማንን ልሰድብ?»

«አይቆጡ አባቴ፣» አለ ልጁ፣ «እነሱ አገር በሽታን ከደም ሥርና ከምላስ ነው የሚያነቡት።»

አባባ «ፊትሽን አዙሪ!» አለኝ። አዞርኩ፤ ግን በጣቶቼ መሃል አየሁ። ያ ማር የሚለይ ምላስ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ያን ጊዜ ፈራሁ። ሐኪሙ ሽንት ይበዛብዎታል ወይ ብሎ ሲያስጠይቀው አባባ አፍሮ «ደህና ነኝ» አለ። እኔ ግን መቼ ዝም ልል!

«የአባባ ሽንት እኮ ማር ነው! ጉንዳን ይሰለፍበታል!»

አባባ በዐይኑ ሊውጠኝ ደረሰ። አስተርጓሚው ሳቀ፤ ሐኪሙ ግን ሲተረጎምለት ብድግ አለ። «ሰውነት ላይ የምሰካቸው መርፌዎቼ ለወገብና ለጉልበት ይረዱ ይሆናል፤ ይህ ግን ስኳር ነው የሚመስለኝ። ዛሬውኑ ደሙ ይታይ፤ ማርም ይቅር» ብሎ በካምፑ ፒካፕ አስጫነን። ልዋሽ አልችልም፣ አባቴ ታሞ እኔ መኪና መሳፈሬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐኪም ቤት ደሙ ሲታይ በእርግጥም ስኳር ሆነ፤ ትንሽ ብንቆይ ራሱን ይስት እንደነበር ነገሩን። ወሬውን ሰምታ የደረሰችው እናቴ «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ ሳጠጣው!» እያለች ደረቷን ስትመታ አባባ እጇን ያዛት። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የሸሸግሁት እኔ ነኝ። ይቺ ለፍላፊ ባትኖር አልቆልኝ ነበር!»

ክረምቱን እናቴ የብርዙን ማሰሮ አጥባ እርጥብ አሸዋ ሞላችበት፤ የታዘዘለት የስኳር መርፌ፣ ኢንሱሊኑ፣ እንዳይሞቅ እዚያ ውስጥ ይቀበር ነበር። አባባም ምግቡን በልክ፣ በሰዓቱ እየበላ ሥጋው ተመለሰለት። ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ እንደ ልማዱ ቆርሶ ወደ አፉ አስጠጋና ቆም አለ። ከዚያ እኔን አጎረሰኝ።

«ንገሪኝ፣» አለ።

እንደሱ ዐይኔን ጨፈንኩ። «የአደይ ነው... ግራዋ ገብቶበታል።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ምላስ!» ብሎ ወደ ሰማይ ወረወረኝ። ከዚያ ወዲያ ጠጅ ጣዮቹ የሚጠይቁት እኔን ነበር።

ዛሬ አባባ ጸጉሩ ነጥቷል፤ ኢንሱሊኑም ከአሸዋ ወጥቶ ፍሪጅ ገብቷል። ዘንድሮ ኅዳር እንደ ጥንቱ ቆርሶ ሲዘረጋልኝ አንገቴን በእምቢታ ነቀነቅሁ። እኔም ስኳር አለብሽ ከተባልኩ መንፈቅ ሆኖኝ ነበር፤ አልነገርኩትም።

«አንቺንም ያዘሽ?» አለኝ። «ደግሞ ሸሸግሽኝ?»

 ከዚያ ስድስት ዓመት የሆናትን ልጄን ጠርቶ አጎረሳት። ያኔ እኔ ለአንድ ሰው ነበር የምቀምሰው፣ እሷ ለሁለት ነው። ዐይኗን ስትጨፍን ሁለታችንም ወደ እሷ ጎንበስ አልን።

«እህ፣ ንገሪን እንጂ!»

«ቆዩ፣» አለችን፣ «ገና አልዋጥኩትም።»