ማርቪስና ስድስቱ የጥርስ ሳሙናዎች

ማርቪስ ክሮቹክ ዝም ባለችባቸው ሳምንታት ሁላችንም የተቀየመችን መስሎን ነበር። እኔ ራሴ ምን እንዳጠፋሁ ሳሰላስል ነው የሰነበትኩት።

ማርቪስ እዚህ ካናዳ፣ ዶፊን ከተማ፣ የከርሊንግ ቡድናችን አምበል ናት፤ ከርሊንግ ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራቶ ወደ ዒላማ የማድረስ ጨዋታ ነው። ድንጋዩ በረዶው ላይ መንሸራተት ሲጀምር እኛ እንዲርቅልን መጥረጊያችንን ይዘን ከፊት ከፊቱ እየጠረግን እንሮጣለን፤ እሷ ከወዲያኛው ጫፍ ቆማ «ጥረጉ! ጥረጉ! ተዉት! ኧረ ጥረጉ አልኩ!» ትላለች። ጩኸቷ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማል። አስራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ድምፅ ስንመራ ኖረን፣ ያን ጥር በድንገት አፏን ግጥም አድርጋ እጇን ብቻ ታወዛውዝልን ጀመር። አጎንብሶ የሚሮጥ ሰው ደግሞ እጅ አያይም። ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን።

«ምን በድለናት ነው?» አለችኝ ከእኔ ጋር የምትጠርገው ቴልማ፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጫማዋን እየፈታች። «ስለ ፀጉሯ የተናገርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ያምራል ነው እኮ ያልኳት!»

«አባባልሽ ነዋ። አንቺ ያምራል ስትይ ሰው ሄዶ መላጨት ያምረዋል።»

በዚህ ነገር እንቅልፍ አጣሁ ማለት ይቻላል። ከሚቀጥለው ልምምድ በኋላ ማርቪስን በመኪናዬ ወደ ቤቷ ስሸኛት አላስቻለኝም።

«ማርቪስ፣ በምን እንዳስቀየምኩሽ ንገሪኝና ይውጣልኝ።»

አፏን በሻርፕ ሸፍና፣ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «የምን መቀየም? ጥርሴ ነው እንጂ! አፌን ስከፍት ብርዱ ይገባና እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል። ውሃ ስጠጣ ይጠርሰኛል። ሾርባም ያው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? እኔም ምን እንደሆነ አላውቀውም።»

ማርቪስ «አላውቀውም» የምትል ሴት አልነበረችም። ሠላሳ ዓመት በከተማችን ፖስታ ቤት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። አድራሻው በዝናብ የታጠበ ደብዳቤ እንኳ የእጅ ጽሑፉን አይታ «ይሄ የሃናሴኮች ልጅ ነው፣ ለአክስቱ ነው የሚጽፈው» ብላ ትለየው ነበር። ያቺው ሴት ያን ቀን እጄን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤቷ አስገባችኝና ከመስተዋቱ ሥር የተደረደሩ ስድስት የጥርስ ሳሙናዎች አሳየችኝ። ሁሉም ተከፍተዋል፤ አንዱም አልተጋመሰም።

«ይሄኛው ኢናሜል፣ የጥርስን የላይ ሽፋን ማለት ነው፣ እጠግናለሁ ይላል» አለች በጣቷ እየነካች። «ይሄ አጠነክራለሁ ይላል። ይሄ ደግሞ መልሼ እገነባለሁ ይላል። መጠገንና መልሶ መገንባት ልዩነታቸው ምንድን ነው፣ ሎርና?»

ባሏ ኦረስት ከኮሪደሩ ሰምቶን ኖሮ ብቅ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ ሲያርስ የኖረ፣ ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ሰው ነው። «ጎተራ ቢሆን ኖሮ እነግርሽ ነበር» አላት። «ሁሉም ያው ሳሙና ነው። ፊቴን ልታጠብ ስገባ ሱቅ የገባሁ እየመሰለኝ ተቸገርኩ እኮ።»

«ያው ከሆነ ለምን ስድስት ሆነ?»

ኦረስት ፎጣውን አንስቶ ፊቱን ወጥ ቤት ሊታጠብ ሄደ።

አራተኛው «ወዲያውኑ አስታግሣለሁ» የሚል ነበር። አምስተኛው ከሰል ያለበት፣ ጥርስ የሚያነጣ ነው፤ ውስጡ እንደ ጥላሸት ይጠቁራል። ስድስተኛውን ዊኒፔግ ከተማ ያለችው እህቷ ናት የላከችላት፤ ፍሎራይድ የሚባለው ጥርስ ማጠንከሪያ ንጥረ ነገር የሌለው ነው፣ ፍሎራይድ አትንኪ ብላታለች። የመጀመሪያው ሣጥን ደግሞ ፍሎራይድ አለኝ ብሎ በትልቁ ይኮራል። ማርቪስ ማንን እንደምታምን ስለጨነቃት ሁሉንም ለማስደሰት ወሰነች፦ ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን። ሦስት ቀን ሞክራው ሕመሙ ካልቀነሰ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ጠዋት በባዶ ሆዷ ሎሚ በውሃ ትጠጣና፣ አፏን ኮምጠጥ ሲላት ወዲያው በከሰሉ ትፈትገዋለች። ጠንካራ ብሩሽ ስለምትወድ ብሩሿ ወለል የሚታጠብበት ይመስላል።

ቅዳሜ አብሬያት ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ሰባተኛ ልትገዛ ነበር። መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር የጥርስ ሳሙና ነው። መነጽሯን አድርጋ አንዱን ታነሳለች፣ ታነባለች፣ ትመልሳለች፤ ከጎኑ ያለውን ታነሳና ቅድም ያነበበችው ይጠፋባታል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሣጥን በሁለት እጇ እንደያዘች ዕንባዋ መጣ።

«ደደብ ሆኜ ነው አይደል?»

«ኧረ ተይ! እኔስ ምኑ ገባኝ?» አልኳት። እውነቴን ነበር።

የመድኃኒት ባለሙያዋ ማሪቼል ከባንኮኒዋ ወጥታ መጣች። ወላጆቿ ከፊሊፒንስ ሲመጡ አብራ የመጣች፣ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት።

«ወይዘሮ ክሮቹክ፣ ላግዝዎት?»

ማርቪስ ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ስድስቱንም፣ ሎሚውንም፣ ከሰሉንም። ማሪቼል ሳትስቅ ሰማቻት።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለቻት። «ተፍቆ ያለቀ ኢናሜል ተመልሶ አይበቅልም፤ የትኛውም ሳሙና አያበቅለውም። የላላውን ግን ያጠነክረዋል። እጠግናለሁ የሚለውም እገነባለሁ የሚለውም እሱን ማለቱ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለው አይጽፉትም?»

«እሱን እኔም እንጃ።» ከመደርደሪያው አንድ አረንጓዴ ሣጥን አወረደች። «ፍሎራይድ አለው፤ የሚነዝረውን የሚያደነዝዝ ፖታሲየም ናይትሬትም አለው። ግን በሦስት ቀን አይሆንም። ጠዋትና ማታ፣ ይሄንኑ ብቻ፣ አራት ሳምንት። ሲጨርሱ ይትፉት እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ። ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ። ከሰሉን ይጣሉት። ሎሚውን ቢተዉት ጥሩ ነው፤ ከጠጡም ወዲያው አይፋቁ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ።»

«እህቴ ፍሎራይድ አትንኪ ብላኛለች።»

«እህትዎ የጥርስ ሐኪም ናቸው?»

«የፀጉር ባለሙያ ናት።»

ማሪቼል እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። «የሚያምዎት ሁሉም ነው ወይስ አንዱ?»

ማርቪስ በምላሷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች። «ሁሉም። ግን... በግራ በኩል ከላይ አንዱ ይብሳል።»

«እንግዲያው እሱን ሐኪም ይየው። ያ የሳሙና ሥራ ላይሆን ይችላል።»

ማርቪስ ስድስት ዓመት ሙሉ የጥርስ ሐኪም ጋ አልሄደችም ነበር፤ ትፈራለች። ማክሰኞ ቴልማና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን አስገባናት። «እኛ ስንጠርግ እንደምትጮኺው ጩኺበት» አለቻት ቴልማ። ሐኪሙ በዚያ ጥርስ ላይ ድሮ የተሞላው ሙሌት ተሰንጥቆ አገኘው፤ አውጥቶ እንደገና ሞላው። የቀሩት ድዳቸው ሸሽቶ፣ በፍትጊያው ብዛት ከሥራቸው ሳስተዋል አላት።

አንድ ሳሙና ብቻ ይዞ መቆየት ለማርቪስ ከሐኪሙ ወንበር የከበደ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። «ምንም ለውጥ የለም። ያንን ወዲያውኑ አስታግሣለሁ የሚለውን ልሞክረው?» «አትሞክሪውም» አልኳት። በሦስተኛው ሳምንት ሳታስበው ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣች፤ ጥርሷ አልነዘራትም። በአራተኛው፣ ቴልማ ድንጋዩን ዝም ብላ ስታየው «ምን ተገትረሽ ታያለሽ፣ ጥረጊ እንጂ!» የሚል ድምፅ ከወዲያ ጫፍ መጣ። ቴልማ ደንግጣ ልትወድቅ ነበር። ያን ቀንም ተሸንፈናል፤ ግን በጩኸት።

ማርቪስን እረፍት የነሳት ግን ሌላ ነው፤ ያዳናት የትኛው እንደሆነ አለማወቋ። ሙሌቱ ነው? ሳሙናው ነው? ሎሚውን መተዋ ነው? ወይስ ብሩሹ? ሐኪሙን ብትጠይቀው «ሁሉም ሳይረዳ አልቀረም» አላት። «ይሄ መልስ ነው?» ብላ ተናደደች። ለማጣራት ብላ ሎሚውን ልትጀምር ስትል ኦረስት ሎሚዎቹን ደበቀባት።

ሚያዝያ ላይ ከመድኃኒት ቤቱ ደወለችልኝ።

«ሎርና፣ አረንጓዴው የለም! ስሙ ያው ነው፣ ሣጥኑ ግን ሰማያዊ ሆኗል። ‹አዲስ› ይላል። ‹የላቀ› ይላል።»

«ከኋላው በደቃቁ የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

ፊደል በፊደል አነበበችልኝ። ፍሎራይዱም፣ ፖታሲየም ናይትሬቱም፣ መጠናቸውም እንደ ድሮው ነው።

«ያው ነው፣ ማርቪስ።»

«ታዲያ አዲስ የሆነው ምኑ ነው?»

ሣጥኑን እንደገና ሳይለውጡት ብላ ከሰማያዊው ሦስት ገዛች።