የተበጠሰ ሥር

በፈረንጆቹ 2009 አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ዳር ባለ የምርምር ግሪንሃውስ፣ የመስታወት ችግኝ ቤት፣ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ነባሩ ሠራተኛ ጋሼ ታደሰ አንድ የጥጥ ችግኝ ከነአሸዋው አስጨበጡኝና ወደ ውሃ ገንዳው ወሰዱኝ።

«ሥሩን እንዳትጎትተው። አሸዋውን ውሃው ራሱ ያስለቅቀው።»

ጎተትኩት። ጫፉ ተበጠሰ።

«ይኸው ገደልከው! ጎመን የምታጥብ መሰለህ?» ብለው ሳቁ። ቁስሉን በአጉሊ መነጽር አሳይተውኝ መነጽሩን ኪሴ ከተቱልኝ። «ያንተ ይሁን። እኔ በዓይኔና በጣቴ አውቀዋለሁ።»

ሥራችን የጥጥ ሥር፣ ሻጋታን ለመከላከል፣ ወደ አፈር የሚለቀውን ኬሚካል መሰብሰብ ነበር። የታጠበው ሥር ስድስት ሰዓት የተጣራ ውሃ በያዘ ቱቦ ውስጥ ይቆማል። ብርሃን ኬሚካሉን ስለሚያበላሸው ቱቦው በፎይል ይጠቀለላል። ከዚያ ውሃው ወደ መለኪያው ማሽን ይሄዳል። ይህን ጋሼ አስተማሩኝ፤ የቀረውን ከተጣሉ የላብራቶሪ መመሪያዎች አነበብኩ። ጥጥ ያንኑ ኬሚካል በሥሩ ውስጥም ያከማቻል። ሥሩ ከተበጠሰ የተከማቸው ይፈስሳል፤ ማሽኑም የተለቀቀውን ከፈሰሰው አይለይም።

ሁለታችንም ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ስለምንኖር ጠዋት ጠዋት በእኔ መኪና እንመጣ ነበር። በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ጋሼ ቀበቶ ሲያስሩ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ያጠቧቸውን ችግኞች ትሪ በአጉሊ መነጽሩ ተመለከትኩ። ከሃያ አራቱ ችግኞች የአሥራ አንዱ ሥር ጫፉ ተበጥሷል።

ሥራ ላስተማረኝ፣ ለአባቴ እኩያ፣ «እጅዎ ይንቀጠቀጣል» እንዴት ልበል? ደግሞም ባለቤታቸው ካንሰር የሚታከሙት መሥሪያ ቤቱ ለጋሼ በሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ነበር። ዝም አልኩ።

ከምንፈትናቸው የጥጥ ዝርያዎች ጋሼ የሚያጥቡት የሌሎቹን ሦስት እጥፍ ኬሚካል አሳየ። ኃላፊያችን ዶክተር ሊንዳ የቀጣዩን ዓመት ሥራ በሙሉ በእሱ ላይ አቀደች። አሁንም ዝም አልኩ።

ከዚያ ጋሼ ታመው ሁለት ሳምንት ቀሩ። ዝርያውን እኔ አጠብኩት። ቁጥሩ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነ።

«ምን አበላሸህ?» አለች ዶክተር ሊንዳ።

«ምንም። የተበላሸው የበፊቱ ነው። ሥሮቹ ሲታጠቡ ይበጠሱ ነበር።»

«ይህን ካወቅህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«አሥር ወር።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የአሥሩ ወር ውጤት ተሰረዘ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ጋሼ በተመለሱበት ቀን ከሥራ ተሰናበቱ።

ዕቃቸውን በካርቶን እንደያዙ ወደ ቤት ያደረስኳቸውም እኔ ነኝ። የወንዙን ድልድይ ስንሻገር ወደ እኔ ዞሩ።

«አሥር ወር ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ አጠገብህ ተቀምጬ ነበር» አሉ።

«እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ አፈርኩ። ያኔ ብትነግረኝ፣ በችግኝ መትከያ አሸዋ ወደ መሙላት ሥራ አዛውሩኝ ብዬ እለምናት ነበር። አሸዋ ለመሙላት ማን እጅ ያያል? አሁን ግን እያወቅኩ የደበቅኩ ውሸታም ነው የመሰልኳት።»

በራቸው ላይ ስንደርስ የመኪናውን ቀበቶ መፍታት አቃታቸው። ፈታሁላቸው። አላመሰገኑኝም። ኢንሹራንሱ በወሩ መጨረሻ ተቋረጠ።

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። አጉሊ መነጽሩን እሰጠውና እንዲህ እለዋለሁ፦ የተበጠሰ ሥር ካየህ በዚያው ቀን መዝግብ። ከመመዝገብህ በፊት ግን ላጠበው ሰው ንገረው። ዕድሜውን አትይ።