ጥርስ ያወጣችው ስሙኒ

የሰርጌ ዕለት... ተሸፋፍኜ ጓዳ ተቀምጫለሁ፣ ሙሽራው ዳስ ውስጥ ይጠብቃል፣ ሰርጉ ግን በስሙኒ ምክንያት ሊፈርስ ነው። ሳቁብኝ፣ እውነቴን ነው።

ጊዜው የጃንሆይ፣ አገሩ ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ አጎቴ አያ ተሰማ ናቸው። ደግ ሰው ነበሩ... ግን «ገንዘብ እኔ ነኝ የማውቅ» ይላሉ። ይሄ የጀመራቸው ወገዳ ገበያ ፍየል ሸጠው፣ የሃያ አምስት ሳንቲሟ የመዳብ ስሙኒ ብር ተቀብታ፣ የሃምሳ ሳንቲም ሽልንግ ናት ተብለው ከተሞኙ ወዲህ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ... ከዚያ በኋላ እጃቸው የገባውን ሳንቲም ሁሉ ድንጋይ ላይ ያጮኹታል፣ ይነክሱታል፣ በአመድ ያሹታል።

ሙሽራው የእስቴ ሰው ነው፣ የመካነ ኢየሱስ ልጅ። ጥምቀት ላይ አይቼው ወድጄዋለሁ፤ ምን እደብቃለሁ። ይሄ ሰርግ ከፈረሰ ደግሞ የሚጠብቀኝ ሁለት ሚስት የቀበረ፣ ከአጎቴ በዕድሜ የሚበልጥ ባለጠጋ ጎረቤታችን ነበር።

ጥሎሹ ቀረበ። ቀሚሱን ማንም አልነቀፈም። ገንዘቡ ሰፌድ ላይ ሲፈስ ግን ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ... እኔም በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። ሁሉም ስሙኒ ነው፤ ግን ዳሩ ዙሪያውን ተከርክሟል።

«ይሄን ደግሞ ምን በላው? አይጥ ነው?» አሉ አጎቴ።

አንደኛ ሚዜው ዝቅ ብሎ፣ «አያ ተሰማ፣ አዋጅ ወጥቷል። ክቧን ስሙኒ ብር እየቀቡ ሰዉን ስላታለሉበት፣ መንግሥት ራሱ ነው ጥርስ ያወጣላት። እንግዲህ የምትሠራው ይቺ ናት፤ ክቧ ልትቀር ነው» አለ።

«ጃንሆይ የገዛ ገንዘባቸውን ይከረክማሉ? ምን አጥተው?»

ድንጋዩ መጣ። አጮኹት... ደኅና አድርጎ ጮኸ። ነከሱት... አልታጠፈም። በአመድ አሹት... ጥርት ያለ መዳብ ሆኖ ወጣ። አጎቴ ጥቂት አሰቡና ፈረዱ።

«ሥራውን የሚያውቅ ሐሰተኛ ነው የሠራው! ሁሉን አስመስሎታል!»

የደብራችን ቄስ ይዩት ተባለ። እሳቸውም አገላብጠው ተመለከቱና፣ «ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ትቀበላለች» አሉ። ያገላበጧትን ስሙኒ ግን አልመለሷትም።

«ክቡ ካልመጣ ልጄ ከዚህ ቤት አትወጣም!» አሉ አጎቴ።

እኔ ጓዳ ውስጥ እንባዬን ለቀቅሁት። የምሬን ነው ያለቀስሁት... ሴቶቹ ግን ሙሽራ ማልቀሷ ደንብ ነውና፣ «ወግ የምታውቅ ልጅ!» እያሉ አመሰገኑኝ። አንዷ እንዲያውም ከፍ አድርጌ እንዳለቅስ መከረችኝ።

ይሄኔ ጨው ነጋዴው የአክስቴ ባል፣ አያ ዳኘው፣ ብድግ አሉ።

«ዘመድ ለመቼ ነው! የልጅቱ ዕድል ከሚበላሽ እኔ ልጎዳ!» ብለው ከቤታቸው አንድ ከረጢት አስመጡ። ክብ ስሙኒ ሞልቶታል። ክቡን ለአጎቴ ሰጡና ያንን ጥርሳም ሁሉ በልኩ ወሰዱ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው «ቤትህ ይሙላ፣ ያሰብኸው ይሳካ» ብለው መረቋቸው። አያ ዳኘው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሚዜው ሊናገር ከጀለና... ሙሽሪት እንዳትቀርበት ብሎ ነው መሰለኝ፣ አፉን ዘጋ።

እኔም በእልልታ ወጣሁ።

አያ ዳኘው በየሳምንቱ ወገዳ ጨው ሲሸጡ የሚውሉ ሰው ናቸው። አዋጁን ከሁላችንም ቀድመው ሰምተው፣ ክቧን የሚጥሉበት ሲፈልጉ እንደከረሙ የተረዳነው ዘግይተን ነው።

አጎቴ በዚያ ገንዘብ ወይፈን ሊገዙ ወገዳ ወርደው፣ ክቧን የሚቀበላቸው አጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ልጠይቃቸው ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ክቧን ስሙኒ ድንጋይ ላይ ያጮኹዋታል።

«አይዞዎት አጎቴ፣ ተሞኝተው ነው» አልኋቸው።

«ማን ተሞኘ? ስሚያት እንጂ እንዴት እንደምትጮኽ! ስሙኒዋስ እውነተኛ ናት... ሐሰተኛው ገበያው ነው!»

እስኪሞቱ ድረስ ከዚህ ቃላቸው አልተመለሱም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ስሙኒው ሁሉ ሲነከስና ሲታሽ ሲውል፣ ባሌን ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም... እሱ ግን ጥርሱ እስኪረግፍ እውነተኛ ሆኖልኝ ኖረ።