በሬዲዮው ክዳን ውስጥ

ከአገሬ ወጥቼ ሙኑኪ ሰፈር የከፈትኳት ጭማቂ ቤቴ የምትተዳደርበት መፍጫ ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጠለብኝ። ሁለቱን ጥዬ አዲስ ገዝቻለሁ፤ ሦስተኛውን ግን መጣሉም መግዛቱም ስልችት ስላለኝ፣ ጋምቤላ አድጎ ወደ አገሩ ወደተመለሰው ወደ ጠጋኙ ጋትሉዋክ ይዤው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወረድኩ። የብየዳ ብረቱን ሲያግል የተነሳው ሽታ ደሴ፣ የአባቴ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ድረስ መለሰኝ።

አባቴ ከመንገዱ ማዶ ሬዲዮ ከሚጠግነው ከጋሽ በላቸው ጋር ሰላም አይባባልም ነበር። ግን በከተማችን ሬዲዮ የጠገነ ሰው የሠራውን በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው እንዳይቸገር ተብሎ የተለመደው ነገር ለሁለቱ መጨቃጨቂያ ሆነላቸው። አባቴ «ይህን ሽቦ ያሰረው ሰው ፍየል ያሰረ መስሎታል» ብሎ ይጽፋል፤ ያው ሬዲዮ ከዓመታት በኋላ ዞሮ ሲመጣ ከሥሩ «ፍየሉ ግን እስካሁን ይዘፍናል» የሚል መልስ ያገኛል፤ መነጽሩን አውልቆ፣ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ፣ ለማንም እንዳንናገር ያስጠነቅቀን ነበር። ሲሞት ከእኛ እኩል ያለቀሰው ጋሽ በላቸው ነው። «እንግዲህ ሥራዬን ማን ያይልኛል?» ይል ነበር።

ጋትሉዋክ መፍጫውን አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ብሎን ማፊ» አለኝ፤ የለም ማለቱ ነው። «በሙጫ ነው የዘጉት። ሲሠሩትም እንዲጣል ብለው ነው።»

በመጋዝ ገዝግዞ ከፈተው። የለቀቀችው አንዲት ሽቦ ነበረች፤ በየዳት፣ መፍጫውም ሠራ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ድካም ተጫነኝ፤ የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ ሆኜ የቀድሞዎቹን ሁለት መፍጫዎች ሳላስከፍት መጣሌ አሳፈረኝ።

መፍጫውን መልሶ ከመዝጋቱ በፊት የሠራውን ውስጡ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። «ማን ሊያነበው?» ብሎ ሳቀ፤ ቢሆንም እኔን ላለማስከፋት እርሳስ ፈልጎ ሞከረ። እርሳሱ በሚያንሸራትተው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ሁለት ሦስቴ ተመላለሰ፤ ምንም ምልክት አልተወም።

ከዚያ ሁለቱን ግማሾች ገጥሞ፣ በአሮጌ ካላማዳሪያ ፍየል እንደሚታሰር ጠፍሮ አስረከበኝ። ማዶ ተቀምጦ የሚሰድበን ግን ማንም አልነበረም።