ሰባተኛው ሞተር

በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ተረኛዋ» ነው የሚላት። በከተማው የናፍጣ ኃይል ማመንጫ ቆጣሪ ስታነብ አስራ ስምንት ዓመት ሞላት። ከሩቅ ግድብ የሚመጣው መብራት አልበቃ ሲል ስድስት ሞተሮች ይነሳሉ። ድሮ ማምሻውን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ከጠዋት ጀምረው ሲያጓሩ ይውላሉ፣ ሰማዩም ጥቀርሻ ይለብሳል።

«ምን ይደረግ? ሰው በዛ፣ ፍሪጅ በዛ፣ ጭሱም በዛ» ይላል ኃላፊው። ሰባተኛ ሞተር እንዲገዛለት ጠይቋል።

ለተረኛዋ ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። ሰው መብዛቱስ እውነት ነው፤ ናፍጣው ግን ከሰዉ ቀድሞ ይሮጣል። አንድ ቀን ወደ ከተማው ከሚላከው ኃይል ላይ የየቤቱ ቆጣሪ የሚያሳየውን ብትቀንስ ክው ብላ ቀረች፤ ከአራት እጅ አንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ጉድለቱን የሚሞላው ናፍጣ ነውና የባከነው ሁሉ ጭስ ነው።

«በወንፊት ውሃ እየቀዳን ነው» አለችው ኃላፊውን። «አንድ ሰፈር እንድፈትሽ ፍቀድልኝ።»

ፈረመላት፤ አምኖባት ሳይሆን እንድትተወው ብሎ።

ምሰሶ ላይ ሲወጣ ያየው ሰው ሁሉ «ጉሬዛ» የሚለውን ሽማግሌ የመስመር ሠራተኛ ይዛ ወፍጮ ቤት ሰፈር ወረደች።

«ጋሼ፣ ምን ይታይዎታል?»

«የላላ ማያያዣ! ግሎ ሥጋ ይጠብሳል!» አለ ከላይ።

መስመሩን እያጠፉ ማያያዣውን አጠበቁ። ለአንድ ሰፈር ተብሎ የተተከለው ትራንስፎርመር ሦስት ሰፈር ተሸክሞ ሲያቃስት አገኙት፤ ግምጃ ቤት አቧራ ሲጠጣ የኖረ ሌላ አምጥተው ጭነቱን አካፈሉት።

ከወር በኋላ ስለ ሰባተኛው ሞተር የሚወስኑት መሐንዲሶች መጡ። ኃላፊው ተናግሮ ሳይጨርስ ተረኛዋ ተነሳች። የቆጣሪ ንባቧን የጻፈችበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ወፍጮ ቤት ሰፈር አንድ ፍሪጅ አልጠፋም፣ አንድ ወፍጮ አልቆመም። የሚወስደው ኃይል ግን ከአምስት እጅ አንዱ ቀንሷል።»

የመሐንዲሶቹ አለቃ ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አገላበጡ። «ማን ሠራው?»

«እኔና ጉሬዛ።»

«ጉሬዛ ደግሞ ማነው?»

«አቤት!» አለ ሽማግሌው ከበሩ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

አለቃው ግን አልሳቁም። «ሞተሩ ይቅር። ከተማው በሙሉ እንደዚህ ይሠራ፤ አንቺ ምሪው» አሉ።

ዓመት ተኩል ፈጀ። ከዚያ በአንድ ጠራራ ቀትር ተረኛዋ በገዛ እጇ አራቱን ሞተሮች ተራ በተራ አጠፋች፤ ከአራቱም ናፍጣ እየጠጡ ኃይል የሚሰስቱት ሁለቱ አሮጌዎች ኋላ እስከወዲያኛው ተነቀሉ። ያን ቀን ጩኸቱ ጋብ ሲል ኃላፊው ከቢሮው ሮጦ ወጣ።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም። መብራቱን እየው፣ አለ።»

ቀና ብሎ አምፖሉን አየ፤ ቀጥሎ ባርኔጣውን አውልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራት። በር ላይ የቆሙት ሠራተኞች እልል አሉ።

ዛሬ የአስራ ሁለት ሰው አለቃ ናት። ግድቡ ሲጎድል ያልጠፉት ሁለቱ ሞተሮች አሁንም ይነሳሉ፤ አትደብቅም። «እነዚህስ?» ሲሏት እጅጌዋን እየሰበሰበች «ተራቸው ይደርሳል» ትላለች።