የሞረድኩት ስም

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ጸሎት ቤት ቆሜ ስመሰክርም ዘልዬዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ፤ የምነግራችሁ ግን እንድታዝኑልኝ አይደለም።

አሜሪካ፣ ሃውቶርን በምትባል ከተማ፣ ሚስተር ሳቶ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ ጃፓናዊ ሽማግሌ ተቀጥሬ እንከባከብ ነበር። ከአያት ቅድመ አያት የወረሱት አጭር ሰይፍ ነበራቸው። በወር አንዴ እጀታውን የያዘውን የቀርከሃ ችንካር ነቅዬ፣ እጀታውን አውልቄ፣ ስለቱን ዘይት እቀባላቸዋለሁ። እጀታው ሥር በሚደበቀው ዝገታም ብረት ላይ ሰይፉን የሠራው ቀጥቃጭ ስም ተቀርጿል። ሰውዬው ከሞተ ዘመን አልፏል፤ ስሙ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ሽማግሌው በጣታቸው ዳብሰው እጅ ሳይነሡት አያስቀምጡትም። ለሴት ልጃቸው ሊያወርሱትም ነበር።

ለቀጥቃጭ እጅ መንሳት! እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። የአገሬ ሰው አባቴ የሠራውን ማረሻ ይገዛል፤ ዞር ብሎ «ቡዳ ነው» እያለ ልጁን ከአባቴ ዓይን ይሸሽጋል። ይህን አሜሪካ ከመጣሁ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ለእሳቸው ግን ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው ለእኔም አጎነበሱ።

አንድ እሑድ ፌርፋክስ ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዝኳቸው። ከዕቁብ ጓደኞቼ ጋር አንድ ትሪ ከበን ስንበላ፣ ሽማግሌው በእንግሊዝኛቸው፣ በኩራት፣ «የዚህ ሰው አባት እኮ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ!» አሉ። የዕቁባችን አንጋፋ ጋሼ ታዬ ሊያጎርሱኝ የዘረጉት እጅ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሪሊ? አባትህ ቀጥቃጭ ነበሩ እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሜሞሪያቸው ሄዷል፤ ከእኔ ጋር ሚክስ አድርገውት ነው እንጂ የራሳቸውን ስቶሪ ነው የሚያወሩት» አልኩ። ሳቅሁም። ጉርሻዬንም ተቀበልኩ።

ከዚያ በማን ተናደድኩ? በራሴ? በጋሼ ታዬ? ባከበሩኝ ሽማግሌ! በማግስቱ ሰይፉን ስፈታ ያ ስም አፈጠጠብኝ። የዚህ ቀጥቃጭ ስም ለምን ይከበራል? የአባቴስ ምን በደለ? ጋራዡ ገብቼ ሞረድ አመጣሁ። ሞረድኩት። እኔ፣ አባቴ ብረት መሞረድ ያስተማረኝ እኔ፣ ስሙ እስኪጠፋ ሞረድኩት።

ሽማግሌው ጣታቸውን ሰደዱ። ደጋግመው ዳበሱ።

«የት ሄደ?»

«ዝገት በልቶታል» አልኳቸው።

ዝገት የበላው ብረት እንደሚሻክር፣ የተሞረደ እንደሚለሰልስ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ግን አመኑኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በደንብ አልያዝኩትም» ብለው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ብረቱን ይቅርታ ለመኑት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ብዙም ሳይቆዩ ያንኑ ጸጸት ይዘው ሞቱ።

ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው «አባቴን እንደ ልጅ ነው የያዝክልኝ» ብላ አቀፈችኝ። እኔም አቀፍኳት። ደንግጬ ነበር እንዳልል አልደነገጥኩም፤ ልጅ ነበርኩ እንዳልል ሽበት አውጥቻለሁ። አባቴን ያዋረዱት ሰዎች ትሪ ላይ ዛሬም እበላለሁ፤ ያከበሩትን አንድ ሰው ግን እኔ አስለቅሼ ቀበርኩ። ማሩኝ አልልም። የልጅቱ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ፤ እስካሁን አልደወልኩላትም።