የኤልደን አውራ ጣት

ኤልደን ቮስ ዕድሜውን ሙሉ የአዮዋ ገበሬዎችን ኮምባይነር ሲጠግን ኖሯል። በመከር ሰሞን ሽቦ ሲግል ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው የብሬከር ቁልፍ ዘሎ ሲወጣ ምክንያቱን የሚፈልግ የለም። ዝናብ ሳይመጣ በቆሎው መግባት ስላለበት ብሬከሩን በአውራ ጣት ተጭኖ ማጨዱን መቀጠል ነው። ኤልደን ጡረታ ሲወጣ ሙያውም ልማዱም አብረውት ወጡ።

ከዚያ ጋራዡ ውስጥ ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን መሥራት ጀመረ። እኔ የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ እኔም የራሴ ትንሽ አውሮፕላን አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት በአየር ሜዳው የፓንኬክ ቁርስ ላይ ስለ ሽቦው ተከራከርን።

«ፊውዝ አድርግ» አልኩት። «ከወንበሩ ጀርባ፣ እየበረርክ እጅህ እንዳይነካካው።»

«አየር ላይ ቢቃጠል በምን ልቀይረው? በጥርሴ?»

«ወርደህ ትቀይረዋለህ።»

«አይ ሎይድ፣ አንተ አምፖል ስትቀይር ነው ያረጀኸው።»

ሚስቱ ማርቫ የፓንኬኩን ሽሮፕ ወደኛ ገፋች። «እኔ የምሳፈረው ሎይድ ተሳፍሮ በሕይወት ሲመለስ ነው» አለች።

ኤልደን ግን ፊውዙን ትቶ ብሬከሮቹን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከግራ ጉልበቱ በላይ ደረደራቸው።

በጥቅምት በአውሮፕላኑ አብሬው ወጣሁ። የማረፊያ መብራቱን ሲያበራ ብሬከሩ ጠቅ ብሎ ወጣ። አፌን ሳልከፍት አውራ ጣቱ መለሰው። እንደገና ወጣ።

«ተው ኤልደን።»

እንደገና ተጫነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ወዲያው ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ተግተለተለ። እጄን ሰድጄ የኤሌክትሪኩን ዋና ማብሪያ አጠፋሁት። ሬዲዮው ሞተ። ሞተሩ ነዳጁን የሚያቀጣጥልበትን ብልጭታ ከባትሪው እንደማይወስድ አውቃለሁ። ግን ድምፁ አሁን ይቋረጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«ነበልባል አለ?» አለ ኤልደን። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አይታየኝም።»

«እግርህን አይሞቅህም?»

ይሞቀኝ አይሞቀኝ መለየት አቃተኝ። መስኮቱን ከፈትን፤ ዓይናችን እያነባ ሜዳውን አገኘነው። ክንፉ ላይ ያለው ፍጥነት መቀነሻም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ አልታዘዘንም፤ ፍጥነታችን ሳይቀንስ አረፍን። አጥሩ አፍንጫችን ሥር ሲደርስ ቆምን።

ዳሽቦርዱን ስናነሳ የመብራቱን ሽቦ የጎማ ቀለበት በሌለው የብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ተፍቆ ተልጦ አገኘነው። የነዳጁ ቱቦ ከጎኑ ነበር፤ መሃላቸው መዳፍ አይሞላም። ኤልደን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«ማርቫ እንዳትሰማ።»

«ሸሚዝህን ስታጥብ የጭሱ ሽታ ይነግራታል።»

በዚያው የበረዶ ወራት ብሬከሮቹን ነቅሎ ፊውዞቹን ከወንበሩ ጀርባ አስገባ። ብሬከሮቹ የነበሩባቸውን ቀዳዳዎች በአሉሚኒየም ሸፈናቸው።

ማርቫ አዲሱንም ሽቦ መጀመሪያ ሎይድ ይሞክረው አለች፤ ስለዚህ በረዶው ሲቀልጥ እንደገና የወጣሁት እኔ ነኝ። ብዙም ሳንርቅ የነዳጁ መለኪያ መርፌ ዜሮ ላይ ወደቀ። የኤልደን እጅ ብሬከሮቹ ወደነበሩበት ሄደ። አውራ ጣቱ ልሙጡን አሉሚኒየም ተጫነ፤ የሚገፋ ነገር ሲያጣ እጁን ወደ መሪው መለሰ።

«ነዳጅ ሞልተን ነው የተነሳነው አይደል?» አለኝ።

«ሞልተን ነው።»

«እንግዲያው ፊውዙ ነው። እንመለስ።»

አውሮፕላኑን አዞረ። ጎማው ሣሩን እስኪነካ ድረስ ሁለታችንም ጭስ እንዳይኖር አየሩን እናሸት ነበር።